በትንሽ ብር ለቀላል የጎማ ዓሣ የሚሆን ዘንግ አመራረጥ፦ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ለሚወርዱ

«የትኛው ብራንድ ይሻላል?» የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሊገዛ የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። ብር የተረፈው ሰው ከዚያ ቢጀምር ግድ የለም። ቆጥቦ የሚገዛ ግን ሌላ ጥያቄ ማስቀደም አለበት፤ የምወረውረው ነገር ስንት ግራም ይመዝናል? መልሱን ካወቃችሁ ርካሽ ዘንግም ደህና አድርጎ ይሠራላችኋል። ካላወቃችሁ ውዱም ያናድዳችኋል።

የማወራው ስለ ስዊምቤይት ዘንግ ነው። ስዊምቤይት ሲጎተት ጅራቱን እያወዛወዘ የሚዋኝ ሰው ሠራሽ ዓሣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከለስላሳ ጎማ ስለሚሠራ የጎማ ዓሣ እያልኩ እቀጥላለሁ። ውጭ አገር ከ100 ግራም በላይ የሚመዝኑ ግዙፎች አሉ። እነሱ ወፍራም ዘንግም ወፍራም ኪስም ይፈልጋሉ። እኛን የሚመለከቱን ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙት፣ መንጠቆ ከተተከለበት የእርሳስ ክብደታቸው ጋር ከ10 እስከ 25 ግራም የሚመዝኑት ናቸው።

ለምን ቀላሎቹ? ጎርጎራ ጣና ሐይቅ ዳር ናት፤ ጣና ውስጥ ደግሞ ናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ አዳኝ ዓሣ የለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ለይቶታል። ሌላ ዓሣ እያደነ የሚኖረው በአብዛኛው ነጭ ዓሣ የምንለው የላቤኦባርበስ ወገን ነው። በሐይቁ ከተለዩት 15 ገደማ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች ውስጥ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። የሚያድኗቸው ትንንሽ ዓሦች ደግሞ ከጣት ብዙም አይረዝሙም። አምባዛም ካገኘ አይምርም። ቆሮሶ ግን ሣርና አልጌ ወዳድ ስለሆነ ለጎማ ዓሣ ዞር ብሎ አያይም፤ ቆሮሶ ፈልጋችሁ ከሆነ ይህ መመሪያ አይጠቅማችሁም። ሌላው ምክንያት ጥልቀቱ ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከጎርጎራ ዳርቻ ቆሞ የሚወረውር ሰው የሚያገኘው አንድ ሁለት ሜትር ውኃ ነው። ከባድ እርሳስ እዚያ ጭቃ ከመቆፈር ሌላ ጥቅም የለውም።

ደረጃ 1፦ ከዘንጉ በፊት ሚዛን

የጎማውን ዓሣና ባለ መንጠቆውን እርሳስ አንድ ላይ መዝኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እርሳሱ ላይ «7 ግራም» ተጽፎ ያያል፣ ዘንጉንም በ7 ግራም ይመርጣል። የጎማው ክብደት ተረሳ። 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጎማ ዓሣ ብቻውን 5 እና 6 ግራም፣ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው 10 ግራም ገደማ ሊመዝን ይችላል። እንደ ውፍረቱ ይለያያል። ስለዚህ ባለ 7 ግራሙ እርሳስ ጎማው ሲሰካበት 13 ግራም ሆነ። ባለ 10 ግራሙ ከትልቁ ጎማ ጋር 20 ደረሰ።

ሚዛን የለኝም ካላችሁ ፒያሳ አካባቢ አንድ ወርቅ ቤት ጎራ በሉ። የጎማ ዓሣ ወርቅ ሚዛን ላይ ስታስቀምጡ ባለቤቱ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። ከዕቃዎቻችሁ የቀላሉንና የከባዱን ክብደት ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚህ በኋላ የሚገዛው ለእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

ደረጃ 2፦ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ከእጀታው ከፍ ብሎ ትንንሽ ጽሑፍ አለ። ርዝመት፣ ጉልበት (ምን ያህል ግትር እንደሆነ)፣ የክር መጠንና የሚወረወረው ክብደት ይጻፍበታል። ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። በግራም ካልሆነ በአውንስ ይጻፋል። አንድ አውንስ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ግማሹ 14፣ ሩቡ 7 ይሆናል።

ክብደቱ ለምን እንዲህ ወሳኝ ሆነ? ዘንግ የሚወረውረው ስለሚጎብጥ ነው። ወደ ኋላ ስትወስዱት የጎማው ዓሣ ክብደት ጫፉን ያጎብጠዋል፤ ወደ ፊት ስትመልሱት ጫፉ እንደ ቡሄ ጅራፍ ተወርውሮ ያን ጉልበት ይለቀዋል። ክብደቱ ካነሰ ዘንጉ አይጎብጥም። ሁሉንም በክንዳችሁ ትሠራላችሁ፣ የጎማው ዓሣም አፍንጫችሁ ሥር ይወድቃል። ክብደቱ ከበዛ ደግሞ ዘንጉ ጎብጦ ይቀራል፣ ይዘገያል፣ አንድ ቀን ደግሞ ይሰበራል።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው፤ አዘውትራችሁ የምትወረውሩት ክብደት ከተጻፈው መሀል አካባቢ ይዋል። በርካሽ ዘንግ ላይ የላይኛውን ቁጥር አትመኑ፤ ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሱለት። ከ7 እስከ 28 ግራም የሚል ርካሽ ዘንግ በተግባር ከ10 እስከ 20 ግራም ሲሆን ነው ደስ የሚለው። እሱም ልክ የእኛ ክብደት ነው። ከ13 እስከ 20 ግራም ለምትወረውሩ ከ7 እስከ 28፣ ወይም ከ10 እስከ 30 ግራም የሚል ፈልጉ። ከ20 እስከ 25 ግራም ከሆነ የምትወዱት ከ10 እስከ 35 የሚለው ይሻላችኋል።

ጉልበቱ «ሚዲየም ላይት»፣ «ሚዲየም»፣ «ሚዲየም ሄቪ» እየተባለ ይጻፋል። ለኛ ብዙውን ጊዜ ሚዲየም ነው የሚሆነው። ነገር ግን የአንዱ ፋብሪካ ሚዲየም የሌላው ሚዲየም ሄቪ ሊሆን ይችላል። ቃሉና ግራሙ ካልተስማሙ ግራሙን እመኑ። የሚወረወረው ክብደት ጭራሽ ያልተጻፈበትን፣ ርዝመት ብቻ ያለውን ዘንግ ተዉት።

ደረጃ 3፦ ስፒኒንግ ወይስ ቤይትካስቲንግ?

ሁለት ዓይነት አለ። ስፒኒንግ ሪሉ፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት መሣሪያ፣ ከዘንጉ ሥር ይንጠለጠላል፣ ክሩ የሚያልፍበት የመጀመሪያው ቀለበትም ትልቅ ነው። ቤይትካስቲንግ ሪሉ ከላይ ይቀመጣል፣ እጀታው ላይ የጣት መያዣ አለው፣ ቀለበቶቹ ትንንሽ ናቸው። ሁለተኛው በቪዲዮ ሲታይ ያምራል። ነገር ግን በእሱ ስትወረውሩ የክሩን መጠቅለያ የሚያሽከረክረው የጎማው ዓሣ ክብደት ነው። ክብደቱ ከ15 ግራም ሲያንስና ሪሉ ርካሽ ሲሆን መጠቅለያው ደህና አድርጎ አይሽከረከርም። በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ አለ። የጎማው ዓሣ ነፋሱ ላይ ሲዘገይ መጠቅለያው ግን መዞሩን አያቆምም፣ ክሩም ወፍ ጎጆ የሠራበት መስሎ ይተበተባል። ቀኑን ሙሉ ክሩን ስትፈቱ ትውላላችሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸው ነው። ስፒኒንግ ግዙ።

ደረጃ 4፦ ርዝመት

ከ2.10 እስከ 2.30 ሜትር፤ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር 7 ጫማ ወይም ትንሽ አለፍ ያለ። ብዙ ርቀት ስለሚወረውር ብቻ አይደለም። ጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እግርን ነክሮ መዋል አይመከርም። ጉማሬም አለ። ረዥም ዘንግ ደረቅ ቦታ ቆማችሁ ክሩን ከደንገሉና ከቄጠማው በላይ እንድታሳልፉ ያደርጋል። ጀልባ ላይ ብቻ የምታጠምዱ ከሆነ 2 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ይበቃል።

የቁራጩ ብዛትም ይታሰብበት። ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጋችሁ ጎርጎራ ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አለባችሁ፣ ብዙዎቻችን ደግሞ የምንሄደው በሚኒባስ ነው። ባለ አንድ ቁራጭ ዘንግ ሚኒባስ ውስጥ የሰው ዓይን ይወጋል። ለሁለት የሚከፈለው 1.10 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ጉልበት መሀል ይቆማል። ለአራት የሚከፈለው የጉዞ ዘንግ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ግን በተመሳሳይ ዋጋ ጥራቱ ትንሽ ይወርዳል።

እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚሰበሰበውን ቴሌስኮፕ ዘንግ በርካሽ ታገኛላችሁ። በትል ለማጥመድ ጥሩ ነው፣ አልንቀውም። ለጎማ ዓሣ ግን አይመችም። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ግትር ስለሆነ ዘንጉ በአንድ ወጥ አይጎብጥም። ቀለበቶቹም ጥቂት ናቸው። ደጋግሞ ሲወረወርበት ደግሞ መገጣጠሚያው ይላላና መሀል ላይ ይሰበሰባል።

ደረጃ 5፦ አጎባበጥና ሥሪት

«ፋስት» የሚባለው ከጫፉ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ይጎብጣል። «ሞደሬት» እስከ ወገቡ ይጎብጣል። በመካከላቸው «ሞደሬት ፋስት» አለ፤ ምርጫዬ እሱ ነው። ጫፉ ቀላሉን ክብደት ለመወርወር ይለመጣል፣ ወገቡ ደግሞ መንጠቆውን ለመትከል ይጠነክራል። በዋጋችሁ የተገኘው ፋስት ብቻ ከሆነ ጫፉ ለስላሳ መሆኑን አይታችሁ ውሰዱት።

ሥሪቱ ከፋይበርግላስ፣ ከካርቦን ወይም ከሁለቱ ድብልቅ ነው። ፋይበርግላስ ከባድና ዘገምተኛ ነው፣ ግን ቢወድቅም ቢረገጥም ይችላል። ካርቦን ቀላል ነው፤ የጎማው ዓሣ ጅራት መወዛወዙን እጃችሁ ድረስ ያሰማል። ችግሩ ድንጋይ ላይ ሲጋጭ የማይታይ ስንጥቅ ይይዝና ሌላ ቀን ያለ ምክንያት የተሰበረ ይመስላል። በሚኒባስ ለሚሄድና ድንጋይ ላይ ለሚያጠምድ ሰው ድብልቁን እመክራለሁ። አግሊ ስቲክ የሚባለው አሜሪካዊ ዘንግ በዚህ ይታወቃል፤ የሚያምር ነገር የለውም፣ ግን ቻይ ነው። «99 በመቶ ካርቦን»፣ «30 ቶን» የሚሉ ጽሑፎች በርካሽ ዘንግ ላይ ቢበዙ አትደነቁ፣ አትክፈሉባቸውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ክረምት ላይ ደመና ሲጠቁር ዘንጉን አስቀምጣችሁ ከዳርቻው ራቁ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥርም አትወርውሩ።

ደረጃ 6፦ ሱቅ ውስጥ መፈተሽ

በርካሽ ዘንግ ዋናው ሥራ ይህ ነው። ከአንድ ፋብሪካ ከወጡ ሁለት ተመሳሳይ ዘንጎች አንዱ ደህና፣ ሌላው ጠማማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሦስት አስወጡና አወዳድሩ። ይዛችሁ የምትሄዱት ትንሽ ጥጥ፣ ሁለት ሦስት ሜትር ክር፣ ሁለት ባትሪ፣ ፕላስተርና ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ ነው። ሪል ካላችሁ እሱንም።

መጀመሪያ ገጣጥሙት። መገጣጠሚያው ውስጥ ቅጥ ያለው ጥብቀት መኖር አለበት። ስትነቀንቁት ጠቅ ጠቅ ካለ መልሱት። ከዚያ እንደ ጠመንጃ ዓይናችሁ ሥር አድርጋችሁ በቀለበቶቹ መስመር ተመልከቱ። ትንሽ የተዛነፈ ቀለበት መገጣጠሚያውን በማዞር ሊስተካከል ይችላል። በትሩ ራሱ ከተጣመመ ግን መፍትሔ የለውም።

ጥጡን በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ዙሪያውን አሽከርክሩ። ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፤ ያ ስንጥቅ ክራችሁን ይበላዋል። የጫፉን ቀለበት አትርሱ፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እሱ ነው። ቀለበቶቹንም ቁጠሩ። ለባለ 7 ጫማ ስፒኒንግ ከጫፉ ሌላ ስድስት ሰባት ቢሆኑ ጥሩ ነው። አራት ብቻ ከሆኑ ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ በትሩን ይነካል።

አሁን ጉብጠቱ። ክሩን በቀለበቶቹ አሳልፉና በሃይላንዱ አንገት እሰሩት። ጓደኛችሁ ክሩን ሪሉ ጋ ይያዝላችሁ። እናንተ ዘንጉን በቀስታ አንሱ፤ ከአግድም ብዙም ሳታልፉ። ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፣ ለሚዲየም ዘንግ ምንም አይደለም። ከጎን ሆኖ የሚያይ ሰው ካለ የተሻለ ነው። ጉብጠቱ ከጫፍ ጀምሮ ለስላሳ ቅስት መሥራት አለበት። መገጣጠሚያው ጋ ቀጥ ብሎ ከዚያ ድንገት የሚታጠፍ ከሆነ ይቅርባችሁ። ባለ ሱቁ «የኔ ወንድም፣ ሳትገዛው ልትሰብረው ነው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ እምቢ ካለም ዘንጉን ራሱ ያንሳው፣ እናንተ እዩ።

ከሃይላንዱ በኋላ ባትሪ። ቀጭኗ የሪሞት ባትሪ አልካላይን ከሆነች 11 እና 12 ግራም፣ ወፍራሟ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ 23 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ከመዘናችሁት የጎማ ዓሣ የሚቀርበውን በፕላስተር ክሩ ላይ ለጥፋችሁ ከጫፉ አንድ ክንድ አንጠልጥሉና ወዲያ ወዲህ አወዛውዙ። ጫፉ ባትሪዋን ተከትሎ እሺ ማለት አለበት። በቀጭኗ ምንም ካልተነቃነቀ ዘንጉ ለእናንተ ግትር ነው። በወፍራሟ እስከ ወገቡ ከተንዘላዘለ ልል ነው።

የሪሉን መቀመጫ አጥብቁና ነቅንቁት። መላላት የለበትም። ሪሉ ከገባ በኋላ ዘንጉን ከሪሉ ትንሽ ወደ ፊት በአንድ ጣት ደግፉ። ሚዛኑን ከጠበቀ ክንዳችሁ አይደክምም። እጀታው ቡሽ ይሁን ስፖንጅ የግል ምርጫ ነው።

ደረጃ 7፦ ብሩን መከፋፈል

ያላችሁን ሁሉ ዘንግ ላይ አትጨርሱ። እኔ ብሆን ከመቶ 40 እጅ ለዘንግ፣ 35 ለሪል፣ የቀረውን ለክርና ለእርሳስ አደርጋለሁ። ሪሉ ቁጥር 2500 ወይም 3000 ይሁን። «12 ቦል ቤሪንግ አለው» ለሚለው ጆሮ አትስጡ፤ ፍሬኑን ግን ፈትሹ። ክሩን በእጃችሁ ስትስቡ ሳይነጥር በእኩል መውጣት አለበት።

ቀላል ነገር ለመወርወር ቀጭን ክር ከዘንጉ ያላነሰ ይጠቅማል። የተጎነጎነ ክር ከ0.15 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ገደማ ባለ 0.30 ናይለን። ለተጎነጎነው ብር ካልደረሰ 0.25 ናይለን ብቻውን ያስኬዳል። የሽቦ ማሰሪያ አያስፈልግም፤ ነጭ ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። የአምባዛ አፍ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። አንድ ከያዛችሁ በኋላ ናይለኑን በጣታችሁ ዳስሱ፣ ከሻከረ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።

ደረጃ 8፦ ከውጭ ካስመጣችሁ

ዘመድ «ዘንግ ላምጣልህ ወይ?» ካለ ዝም ብላችሁ «አዎ» አትበሉ፤ የባሕር ዘንግ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህን ላኩለት፦ «ስፒኒንግ፣ ርዝመቱ 7 ጫማ፣ ባለ ሁለት ቁራጭ፣ ሚዲየም፣ የሚወረውረው ከሩብ እስከ አንድ አውንስ፣ ሞደሬት ፋስት ወይም ፋስት። እባክህ በጠንካራ ቱቦ አድርገው።» ብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይፈልጋሉ፤ ባለ ሁለት ቁራጩ በቱቦ ከዚያ በታች ይሆናል። ቱቦ ለመግዛት አይልፋ፣ የውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ ቆርጦ ሁለቱን ጫፍ መድፈን ይበቃል።

ደረጃ 9፦ ከተገዛ በኋላ እንዳይሰበር

አብዛኛው ዘንግ የሚሰበረው በዓሣ አይደለም። የሚኒባስ በር ይሰብረዋል። ዓሣውን ዳር አድርሳችሁ ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ሰማይ ስታነሱት ጫፉ ይቀነጠሳል፤ ስለዚህ ዘንጉን ዝቅ አድርጋችሁ ዓሣውን በመረብ ወይም በእጅ አንሱ። ሌላው መያያዝ ነው። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ በተለይ የሰሜኑና የሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተቸግሯል። ጫፉ ጎማው ውስጥ የሚደበቅ መንጠቆ ብትጠቀሙ መያያዙ ይቀንሳል። ሲያያዝባችሁ ግን በዘንጉ አትጎትቱ። ዘንጉን ወደተያዘበት ቀጥ አድርጉ፣ ክሩን በእንጨት ላይ ጠቅልሉና ወደ ኋላ ሂዱ። የተጎነጎነ ክር በባዶ እጅ አትጠቅልሉ፣ ሥጋ ይቆርጣል።

የት እንደምትወረውሩም አስቡ። አንገረብ ግድብ የጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ ስለሆነ እለፉት። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ ለመራባት እንደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣል፤ በእነዚያ ወራት ከወንዝ አፍ ራቁ። የማጥመድ ፈቃድ ነገርን ደግሞ ከመውረዳችሁ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ቤት ስትመለሱ ዘንጉን በንጹሕ ውኃ አብሱት፣ ነጣጥላችሁ አድርቁት። መገጣጠሚያው ላይ የሻማ ሰም ቀባ ብታደርጉበት አይጣበቅም፣ አይላላም። ከዚያ ቱቦው ውስጥ ከትታችሁ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አቁሙት።